ጉርጢትና ቢጫው ክር

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎንደር ፒያሳ ላይ ዝናብ ያዘንና ልጄ ሳምራዊት እጄን ጎትታ አንድ ካፌ አስገባችኝ። እኔ ካፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። ወንበሩ የሚሠራው ሰው ቶሎ እንዲነሣ ነው፤ ሙዚቃውም የሚከፈተው ሰው እንዳይነጋገር ነው። ግን የሰኔ ዝናብ ነው፣ ጃንጥላዬንም ረስቻለሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ? ሻይ አዝዤ የነጠላዬን ጫፍ እየጨመቅሁ ተቀመጥሁ።

ሳምራዊት ገና ወንበሯን ሳትስብ ስልኳን አወጣች። “እማ፣ ይኼን እይልኝ፤ ላንቺ ብዬ ያስቀመጥሁት ነው” አለች። አየሁት። አረንጓዴ ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠለ መረብ፣ በመረቡ ላይ ሁለት መብራት የተገጠመለት ብርቱካንማ ማሽን ቀስ እያለ ይዳክራል። ከመረቡ ወዲያ ዓሦች ተሰብስበው ይዞራሉ። አንድ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ያብራራል።

“የዓሣ እርባታ ነው፤ ባሕር ውስጥ” አለች ሳምራዊት፣ ራሷ የሠራችው ይመስል ደስ ብሏት። “ሮቦቱ የተቀደደውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ራሱም ይሰፋል። ሰው አይወርድም። እይ እይ፣ አሁን ሊሰፋ ነው!”

ስልኩን መለስሁላት። “ሻይሽ ሊቀዘቅዝ ነው” አልኋት።

ልጄ ታውቀኛለች። በሙያ ማሠልጠኛ የኤሌክትሪክ መምህር ሆኜ ፀጉሬን ያሸበትሁ ሰው ነኝ፤ የተበላሸ ሬዲዮ ካየሁ ሠርግ ቤትም ቢሆን ከፍቼ ካላየሁት አልቀመጥም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያን ስልክ ከእጄ የሚነጥቀኝ አልነበረም። “ምነው እማ?” አለች ፊቴን እያየች። “ኋላ አየዋለሁ፤ እዚያው ይቁም” አልኋት። እሷም አቆመችው፤ ማሽኑ ከቀዳዳው አጠገብ እንደደረሰ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስልኩ ከሻዩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ እየደበደበ፣ እኔ ዓይኔን ወደ መንገዱ ብመልስም ልቤ ከከተማው ወጥቶ ኮሶዬ ደርሷል።

ሳምራዊት ውሃ የወሰደው አጎት እንደነበራት ታውቃለች። ከዚያ በላይ ነግሬያት አላውቅም።

ወንድሜ ደሳለኝ ይባላል፤ እኛ ደሴ እንለዋለን። ቤታችን ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነበር። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ እናታችን በጥልፍ አሳደገችን። በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሰው የሠርግ ቀሚስ ስትጠልፍ ትውላለች፤ እኛም የክር ቁርጥራጭ ላይ ነው የዳህነው። ደሴ ሕፃን ሳለ አንድ ክረምት ሳንባውን ታሞ ከቤት መውጣት ተከልክሎ ነበር። ያን ክረምት እናቴ ዝም እንዲልላት ብላ መርፌ አስያዘችው። እሱም ወደደው። ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ ሲታይ የሰፈሩ ልጆች ምን እንደሚሉት መገመት አያቅትም፤ ግን ግድም አልሰጠው።

እናቴ ስፌት ስታስተምር ንግግሯ አጭር ነው። “እየተመለስህ ስፋ” ትለዋለች። መርፌዋ ወደ ፊት ሁለት ይሄድና አንድ ይመለሳል፤ ደግሞ ሁለት ይሄድና አንድ ይመለሳል። “አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝልህ ነው።” እኔ ይህን ስፌት እስከ ዛሬ አልቻልሁትም። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥቴ ሁሉ ሽቦ ላይ አለቀ።

ሁለተኛው የደሴ ችሎታ ዋና ነው። ጎንደር ደጋ ነው፣ ሰዉ ውሃ የሚያውቀው በባልዲ ነው። ዋና የሚማረው ካለ ጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ ይማራል። ካህናቱ ውሃውን ባርከው እንደጨረሱ ወጣቱ ከየግንቡ ላይ እየዘለለ ይገባል፤ አብዛኛው ተንቦጫርቆ፣ ጥርሱ እየተፋጨ ይወጣል። ደሴ ግን ጠልቆ ይቀራል። ሰው ሁሉ ወጥቶ እሱ ገና ሥር ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፤ ማየት አትችልም። “ወጣ?” ትለኛለች። “አልወጣም።” “አሁንስ? ወጣ?” ራሱ ብቅ ሲል “ወጣ” እላታለሁ፤ ያኔ ዓይኗን ትገልጥና በሰው መሐል ትሰድበዋለች። በየዓመቱ እንዲህ ነበር።

እንግዲህ ከኮሶዬ ወዲያ፣ ከደባርቅ መንገድ ቁልቁል ሲወረድ፣ ለመስኖ ተብሎ የተሠራ ግድብ አለ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ምደባ በምጠብቅበት ጊዜ አንድ ማኅበር እዚያ ዓሣ ማርባት ጀመረ። ብርድ የሚወድ ዓሣ ነው ተብሎ ከውጭ የመጣ ነው። በበርሜል ላይ ከተንሳፈፈ ቧንቧ ሥር ትልልቅ የመረብ ከረጢት ያንጠለጥላሉ፤ ዓሣው በከረጢቱ ውስጥ ያድጋል። መረቡ ከተቀደደ ዓሣው ወደ ግድቡ ይበተናል፤ የብዙ ሰው ልፋት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የሚፈለገው ሰው ውሃ ውስጥ መጥለቅ የሚችል፣ ደግሞም መስፋት የሚችል መሆን አለበት። በዚያ ሁሉ አገር እንዲህ ያለ ሰው ከደሴ ሌላ አልተገኘም። ሥራውን ሲይዝ የሰፈር ጓደኞቹን ሰብስቦ “መርፌ ይዞ እንጀራ የሚበላ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?” ብሎ ሳቀባቸው።

ሥራው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የግድቡ ውሃ ድፍርስ ነው፤ ዓይን ምንም አያይበትም። ደሴ ትንፋሹን ይዞ ይጠልቅና መረቡን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየዳበሰ ቀዳዳ ይፈልጋል። ይወጣል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይገባል። መስፋቱ ቀላል ነው ይል ነበር፤ የሚገድለው መፈለጉ ነው። ማታ ሲመጣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጣቱ ተሸብሽቦ ይገባል። የልጅነት ሳሉም ተመለሰ። እናቴ እግሩን በሙቅ ውሃ እየነከረች “ልጄን ለውሃ አልወለድሁትም” ትላለች። እሱም “እምዬ፣ በየዓመቱ ጥምቀት የምትወስጅኝ አንቺ አይደለሽም?” ይላታል።

ያን ሳል በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ነው በኋላ ጉርጢት ያልናትን ማሽን ያሰብኋት።

በዚያን ጊዜ ፒያሳ ውስጥ አያ ኑሩ ሱቅ እየሠራሁ ነበር። አያ ኑሩ ከአባቱ፣ ከአያቱ ጀምሮ ነጋዴ ነው፤ ክር፣ ቁልፍ፣ ሬዲዮ፣ አምፖል፣ የመኪና ዕቃ ሁሉም በአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ አለ፤ የት እንዳለ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው። ሴት ልጅ ብረት ስትበይድ አይቶ ያልሳቀ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው። ያሰብሁትን ስነግረው መነጽሩን አውጥቶ ጠረገ። “ውሃ ውስጥ የሚያይ ዓይን?” አለ። “ይሁን። ሱቁ ያው፤ የምትፈልጊውን አንሺ።”

የውሃ ቧንቧ ቆርጬ አካሏን ሠራሁ። የመኪና መስተዋት የሚያጥቡትን ትንንሽ ሞተሮች ለመግፊያ ገጠምሁ። አንድ የጥበቃ ካሜራ በማር ብርጭቆ ውስጥ አስገብቼ አፉን በብስክሌት ላስቲክና በሰም አሸግሁት። ሰሙ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣቻቸው የጧፍ ቁራጮች ነበሩ። ከዚያ ረጅም ሽቦ፣ በሽቦው ጫፍ የመኪና ባትሪና ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ቴሌቪዥን። ግቢያችን ውስጥ በርሜል ሞልተን ስንሞክራት ውሃ አስገባች፤ አድርቀን ብንሞክራት ደግሞ አስገባች። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያይና ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። ሁለት አምፖሎች ከፊቷ ስላፈጠጡ ስሟን ያወጣላት ደሴ ነው፤ ጉርጥ ትመስላለች ብሎ።

“እታለም፣ እጅስ ምነው አልሠራሽላት?” አለኝ አንድ ቀን፣ በርሜሉ ላይ ተደፍቶ እያያት።

“እጅ ከባድ ነው። እሷ ቀዳዳውን ታሳይሃለች፣ አንተ ትሰፋለህ። ፈልገህ አትደክምም፤ ገብተህ፣ ሰፍተህ፣ ትወጣለህ።”

“ሸጋ” አለ። “እሷ ታያለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ደመወዝ ግን አላካፍላትም።”

የካቲት ሲያልቅ ጉርጢት ውሃ ማስገባት አቆመች። በርሜሉ ሥር የጣልሁት የእናቴ ቁልፍ በቴሌቪዥኑ ላይ ጥርት ብሎ ሲታይ አያ ኑሩ አጨበጨበ። በነጋታው ወደ ግድቡ ልንወስዳት ተሰናዳን። እናቴ ግን “የመጋቢት ሚካኤል ይድረስ” አለች።

በቤታችን ያለ ቀኑ የሚጀመር ነገር የለም። እናቴ የቀሚስ ጨርቅ የምትቆርጠው ቀን መርጣ ነው፤ እኔን ትምህርት ቤት የወሰደችኝ በሚካኤል ነው፤ ደሴም ግድቡ ላይ ሥራ የጀመረው በሚካኤል ነው። ለጉርጢት ደግሞ ተስላ ነበር። ጠበል ቀድታ በፕላስቲክ ጠርሙስ አኑራለች፤ ዕለቱ ሲደርስ ረጭታ፣ መርቃ ልትልካት። ማንም አልተቃወመም። ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው የቀረው። ደሴ “ይድረስ፤ እስከዚያ በጣቴ ብፈልግ ደስ ይለኛል፣ ዳበሳውን ልሰናበተው” ብሎ ቀለደ። አያ ኑሩም “የእናት ምርቃት ሳይያዝማ እንዴት ይሆናል?” አለ። እኔም መሐንዲሷ፣ ሽቦዬን ጠቅልዬ ጉርጢትን አልጋዬ ሥር አስቀመጥኋት። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስቸኩል አይመስለንም ነበር፤ ለመልካም ነገር ቀን መጠበቅ የምናውቀው አኗኗራችን ነው።

ከሚካኤል ጥቂት ቀን ሲቀር ከማኅበሩ መልእክት መጣ። ዓሦች ከመረቡ ውጭ ሲዘሉ ታይተዋል፤ የሆነ ቦታ ተቀዷል ማለት ነው። ወሩ የሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ አገር አያልቅም፤ የሚበላው ግን ለገበያው ይበቃል፣ ማኅበሩም ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን ጊዜ ነው። ደሴ ራሱ አይበላም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ውሎም ቢሆን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አይቀምስም፤ እናቴም እሱ ካልቀመሰ አትቀምስም።

ጠዋት ሱቁ ድረስ አብረን ሄድን። አያ ኑሩ የናይለን ክር ሰጠው፤ ጥቁር አልቆ ስለነበር ቢጫ። ደሴ በእጁ እያገላበጠ “ዓሦቹ ሠርግ ያላቸው ይመስላቸዋል” አለ። የደባርቅ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ በመስኮት ብቅ ብሎ “ጉርጢት ትተኛ፤ ለሚካኤል እናስነሣታለን” አለኝ። ደግሞም “እልበት አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከች ነኝ” አለ። እኔም ባቄላውን በዕለቱ አዘጋጀሁ። ሰናፍጩ ዓይኔን እያቃጠለኝ እያማሰልሁ ነው የማኅበሩ መኪና በራችን ላይ የቆመው።

ሾፌሩ አልወረደም። በመስኮት ሆኖ፣ መሪውን እያየ፣ “ደሴ ገባ፤ አልወጣም” አለ።

ያን መንገድ ሁልጊዜ እወደው ነበር። ከጎንደር ወጥቶ ሽቅብ ሲያዝ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ ኮሶዬ ላይ ሴቶች ትኩስ ድንች በእንቅብ ይዘው መኪና ያስቆማሉ። ያን ቀንም አስቆሙን። አንዷ ድንቹን ወደ መስኮቱ ስታቀርብ የእናቴን ፊት አየችና እጇን ቀስ ብላ መለሰች።

ግድቡ ዳር ሰው ተሰብስቧል። እናቴ ከመኪናው ወርዳ በቀጥታ ወደ ውሃው ሄደች። በልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። “ወጣ?” አለች።



ያን ጊዜ ያልመለስሁላት ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሰዎቹ የቻሉትን አድርገዋል። ገመድ ጥለዋል፣ በረጅም እንጨት ወግተው ፈልገዋል። የሚዋኝ ግን የለም፤ የሚዋኘው እሱ ነበረ። ከጣና በኩል ጠላቂ ተጠርቷል፤ ግን እስኪደርስ ይቆያል ተባለ። ከየመንደሩ የመጡ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለልቅሶ ሲዘጋጁ እናቴ እጇን አነሣች። “ሳላየው አላለቅስም” አለች። “ሳያዩ ማልቀስ እኔው ራሴ መግደሌ ነው።” ቄሱ መጥተው ሊያጽናኗት ሲሞክሩ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፈር ይለብስ ይሆን ወይስ እዚሁ ይቀራል? ሌላ ነገር አልፈለገችም። ከወንዞች ሁሉ የወረደው ደለል ውስጥ ልጇ ያለ ፍትሐት እንዳይቀር ብቻ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ያችን ነገርሽን አምጪያት።”

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ “ሚካኤልስ፣ እምዬ?” አልኋት።

 “አምጪያት፣ ሙሉዬ” አለች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አያ ኑሩ ሁሉንም በመኪናው ጭኖ መጣ። ሱቁን ዘግቶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የማኅበሩ ታንኳ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። “አንቺ እጅሽን ማብሪያው ላይ አድርጊ፤ ሽቦውን እኔ እለቃለሁ። አይዞሽ አልልሽም፤ ግን አብሬሽ አለሁ” አለኝ። ፀሐዩ ቴሌቪዥኗን ስላደበዘዛት እናቴና እኔ በአንድ ጋቢ ሥር ገብተን፣ ጉንጫችን ሊነካካ ተቃርቦ፣ ወደዚያች ትንሽ መስተዋት አፈጠጥን። እንዲህ ሆኖ ጉርጢት ሥራ ጀመረች።

መጀመሪያ ጉም ብቻ ነበር። ከዚያ መረቡ መጣ፤ ቋጠሮ ከቋጠሮ ጎን፣ ማለቂያ የለውም። ሞተሮቹን እየነካሁ በመረቡ ጎን ለጎን አስኬድኋት። አንድ ዓሣ መጥቶ አምፖሉን አየና ሄደ። እናቴ ትንፋሿ አይሰማም።

“ቁሚ” አለች ድንገት። “መልሻት።”

መለስኋት። በመረቡ ላይ ነጭ መስመር ታየኝ። ቢጫው ክር በዚያች ቴሌቪዥን ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ሁለት ሄዶ አንድ ተመልሷል፤ ደግሞ ሁለት ሄዶ አንድ ተመልሷል። እናቴ ጣቷን መስተዋቱ ላይ አሳረፈች። “ይኼ የልጄ እጅ ነው” አለች። “ተከተይው።”

ተከተልሁት። የእሷ ጣት በመስተዋቱ ላይ ይሄዳል፣ የእኔ ጣት ማብሪያው ላይ ይሄዳል፣ ጉርጢት ከሥር ትሄዳለች። ቀዳዳው ማንም ካሰበው በላይ ነበር፤ መረቡ ከጎኑ ወደ ታች ተተርትሮ ነበር። ደሴ ያን ሁሉ በባዶ ሆዱ፣ ትንፋሹን እየያዘ፣ እየወጣ እየገባ ሰፍቶታል። የትም ቦታ አላቻኮለም። ሁለት እየሄደ አንድ እየተመለሰ ሰፍቷል። ከታችኛው ጠርዝ ላይ ስንደርስ ስፌቱ አለቀ። ክሩ ተቋጥሯል፤ ከቋጠሮው ላይ በደንብ ተቆርጧል።

“ጨርሶታል” አለች እናቴ። የምምለው በእሷ ነፍስ ነው፤ ለዚያች ቅጽበት ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ኩራት ነው። እኔም ኮራሁ። ሁለታችንም ጋቢው ሥር ሆነን፣ ለምን እንደመጣን ረስተን፣ ስፌቱን አደነቅን።

ከዚያ ጉርጢትን ዝቅ አደረግኋት።

ማኅበሩ በመጀመሪያው ዓመት የተበጣጠሰበትን አሮጌ መረብ እዚያው ሥር ጥሎት ኖሯል። ክረምት ቢሆን ውሃው ጥልቅ ነው፣ ማንም አይደርስበትም። በመጋቢት ግን ግድቡ ይጎድላል፤ የተንጠለጠለው መረብ ወደ ታች ወርዶ ከአሮጌው ጋር ሊነካካ ደርሶ ነበር። ደሴ ሰፍቶ ጨርሶ ሊወጣ ሲል እግሩ የተያዘው በዚያ ነው። ሰማያዊ ሸሚዙ ግራጫ ሆኖ ታየኝ። የክሩ ጥቅል ከወገቡ ላይ ተፈትቶ ተንሳፍፏል። መርፌው እጁ ላይ ነበር።

እናቴ መዳፏን በሙሉ መስተዋቱ ላይ አደረገች፤ ምናልባት እንዳላይ፣ ምናልባት እሱን ለመዳበስ። “አሁን አለቅሳለሁ” አለችና ከጋቢው ወጣች። ጩኸቷ ኮሶዬ ድረስ ተሰማ ይላሉ። እኔ አልወጣሁም። ገመድ የያዙት ወንዶች የት እንዳለ እንዲያውቁ ጉርጢትን ይዤ እዚያው መቆም ነበረብኝ። አምፖሎቿ ወንድሜን ያበሩታል፤ ካሜራዋ ያየዋል፤ ሞተሮቿ ይሽከረከራሉ። እጅ ግን የላትም። አንዲት ገመድ እንኳ ልትቆርጥለት፣ እግሩን ልታላቅቅለት፣ ከዚያ ጨለማ ልትጎትተው አትችልም። ጋቢውን ነክሼ አለቀስሁ። አያ ኑሩም ጀርባውን ሰጥቶኝ ሽቦውን እንደያዘ ቀረ።

አሮጌውን መረብ በገመድ ስበው ከነደሴ አወጡት። ቁስቋም ቀበርነው፤ ፍትሐቱም ደረሰለት። እልበቱን ማን እንደደፋው አላውቅም።

የመጋቢት ሚካኤል የደረሰው እኛ ለቅሶ ቤት ሳለን ነው። ጠዋት እናቴ ለማንም ሳትነግር ያን የጠበል ጠርሙስ ከመደርደሪያው አንሥታ ወጣች። ተከተልኋት። መቃብሩ ዘንድ ደርሳ፣ አፈሩ ገና ትኩስ ነው፣ ጠበሉን እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰሰችበት። ከዚያ ጠርሙሱን ነጠላዋ ሥር አድርጋ ወደ ቤት ተመለሰች። ከዚያ በኋላም ሚካኤልን አላስታጎለችም፤ ቀን መምረጥ ግን ተወች። የሰው የሠርግ ቀሚስ ሲመጣላት ያንኑ ዕለት መቁረጥ ጀመረች። ስለ ጥበቃችን አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ምን እንባባላለን? አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ እየጠለፈች ሳለ መርፌዋን ታቆምና፣ ማንንም ሳታይ፣ “ጨርሶት ነበር እኮ” ትላለች። እስክትሞት ድረስ ትለው ነበር።

ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ መረቦቹ ተነሡ። ጉርጢትን ዳግመኛ ውሃ አላስነካኋትም። አያ ኑሩ በሱቁ ላይኛ መደርደሪያ፣ ከአሮጌ ሬዲዮኖች ጀርባ አስቀመጣት፤ ሊገዛት የጠየቀውን ሁሉ “የሰው አደራ ናት” እያለ መለሰ። እሱ ሲሞት ልጆቹ በካርቶን አድርገው አመጡልኝ። ዛሬም አልጋዬ ሥር ናት። ሰሙ እስካሁን አልተሰነጠቀም።

ካፌው ውስጥ ዝናቡ አባርቶ ሰው መውጣት ጀምሯል። ባጃጆች ኩሬውን እየረጩ ያልፋሉ። ሳምራዊት አገጯን በእጇ ደግፋ ታየኛለች፤ እንዲህ ስታየኝ እናቴን ትመስላለች።

“በይ፣ ክፈችልኝ” አልኋት።

ከቆመበት ቀጠለ። ማሽኑ ቀጭን ክንድ ዘረጋ። ክንድ አለው፤ በክንዱም ጫፍ የሚይዝ፣ የሚስብ፣ የሚቆርጥ ጣት አለው። ቀዳዳውን ከዳር እስከ ዳር ገጠመው። ስፌቱ ቀጥታ ነው፤ ወደ ኋላ አይመለስም። እናቴ ብታየው ተርትራ እንደገና ታሰፋው ነበር። ግን ይሰፋል፤ ይይዛልም።

“ጎበዝ አይደለም?” አለች ሳምራዊት። “ጎበዝ ነው” አልኋት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርሁ።

ማሽኑ ክሩን ቆረጠ። ክንዱን ሰበሰበ፣ መብራቱን ከመረቡ ላይ አነሣ፣ ወደ ላይም ዞረ። ውሃው እየጠራ፣ እየነጣ መጣ። ከዚያ ድንገት ሰማይ ሆነ። ሁለት ሰዎች ከጀልባው ጎንበስ ብለው ተቀበሉት፤ ውሃው ከላዩ ላይ ወረደ፤ አንደኛው ሰውዬ እየሳቀ በመዳፉ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው።

ዓይኔን ጨፈንሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ወደ እኛ እንደዞሩም ታውቆኛል።

“እማ? ምነው? ምን ሆንሽ እማ?” አለች ሳምራዊት ክንዴን ይዛ።

“ወጣ” አልሁ። “ወጣ እኮ።”

ለእሷ የመለስሁላት መሰላት።